አዲሷ ሽጉጥ አልጎርስ አለች

ዐማራት ውስጥ አድራሻ የሚነገረው በቁጥር ነው። ካርቱም ኤርፖርት አጠገብ በተዘረጋው በዚህ ሰፈር ሰው ሲቀጣጠር «አሥራ አምስት ላይ ነኝ»፣ «አርባ አንድ ጋ ጠብቀኝ» ይላል እንጂ የአርበኛም የንጉሥም ስም አያነሳም። ከሚያዝያ 2015ቱ ጦርነት በፊት፣ ኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት የሞላበት ይህ የባለጸጋ ሰፈር በግንቦቹ ጥላ ሥር ሌላ ዐማራት ነበረው፤ የዘበኛ፣ የሾፌር፣ የሞግዚትና የቤት ሠራተኛ ዐማራት። ሐበሻው እዚያ ውስጥ ብዙ ነበር። ማታ ወደ ደይም ወርዶ እንጀራውን ይበላ ነበር፤ ቀን ግን ኒም ዛፍ ሥር፣ ሱዳኖች ባንበር በሚሉት በገመድ የተሠራ አጭር መቀመጫ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡናውን ይጠጣ ነበር።

እንዲህ ባለ ቡና ላይ መፍትሔ የማይገኝለት ችግር የለም። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የካናዳ ፎርም፣ የረክሻ ካርቡሬተር፣ የሚስት ኩርፊያ፣ ሁሉም በሦስተኛው ስኒ ብይን ያገኛል። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሾፌር ለችሎቱ አዲስ የሆነ ጉዳይ ይዞ መጣ። አሠሪው ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ ፈቃድ አውጥቶ ትንሽ ሽጉጥ ገዝቷል። ሽጉጧ አዲስ ናት፤ ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም፤ ዋጋዋ የሾፌሩን የዓመት ደመወዝ ያስከነዳል። ነጋዴው ዓርብ ዓርብ ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻው ላይ ይለማመድባታል። ችግሯ አንድ ነው፤ ሁለት ጥይት በደንብ ትተኩስና ሦስተኛውን ትነክሳለች።

«ተሸውዷል» አለ አንዱ። ይህ ሰው ዕቃ የገዛ ሁሉ ተሸውዷል ብሎ የሚያምን ነው። «ዘይት ያጠጣት» አለ ሌላው፤ ለብረት ሁሉ አንድ መድኃኒት ያለው ሰው። ሦስተኛው «ዓይን ነው» አለ፤ አዲስ ነገር ለሰው ሲያሳዩ እንዲህ ነው። ቡና አፍዪዋ ከሰሏን እያራገበች፣ «የሽጉጧ ይቆየንና የትናንቱን ቡና ማነው የሚከፍለኝ?» ብላ ጠየቀች። ለጊዜው መልስ አላገኘችም።

ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በደርግ ዘመን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያገለገሉ፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን ድንበር ተሻግረው ካርቱም የቀሩ የመቶ አለቃ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ጋሼ ብቻ ይላቸዋል።

«ስንት ካዝና አላት?» አሉ ጋሼ።

«ሁለት ናቸው ጋሼ።»

«የምትነክሰው በሁለቱም ነው፣ በአንዱ?»

ሾፌሩ አያውቅም። አሠሪውም አያውቅም።

«ጥይቱ የየት ነው? ከተገዛች ወዲህ ተፈትታ ተጠርጋለች? ሲተኩስ በአንድ እጁ ነው በሁለት?»

ሾፌሩ ከጥያቄዎቹ አንዱንም መመለስ አልቻለም። «እንግዲህ ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «ስለ ሽጉጧ የምታውቀው ዋጋዋን ብቻ ነው።»

ጋሼ ያነሷቸው ጥያቄዎች የቡና ላይ ፉከራ አይደሉም። በዓለም ላይ ሽጉጥ የሚጠግን ሁሉ የሚጀምረው ከነዚሁ ነው። ገዢው ግን ሁልጊዜ ወደ ሽጉጧ ነው ጣቱን የሚቀስረው። ትንሽ ሽጉጥ የገዛ ሰው ደግሞ የትልቁን ሥራ በግማሽ ክብደት ያገኘ ይመስለዋል። በመጠኗ ማነስ ምን እንደተወ የሚነግረው የለም፤ ሻጩም ከነገረው አይሸጥም።

አውቶማቲክ ሽጉጥ በአንድ ተኩስ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ለመዘርዘር ያደክማል፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ማቀባበያው ወደ ኋላ ይወረወራል። አንዲት የብረት ጥፍር ባዶውን ቀልሃ ጎትታ ታወጣለች፤ ማስፈንጠሪያዋ ወደ ውጭ ትጥለዋለች። በዚያችው ቅጽበት የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ገፍቶ ማድረስ አለበት። ማቀባበያው በራሱ ሞላ ተገፍቶ ሲመለስ ጥይቱን ከካዝናው ከንፈር ይነጥቃል፤ ትንሽ ዳገት ያስወጣዋል፤ በርሜሉ ጉሮሮ ውስጥ ይከተዋል። ወታደር ይህን ማጉረስ ይለዋል፤ በእርግጥም ጉርሻ ነው። አጉራሹ ቢዘገይ፣ ጉርሻው ቢገዝፍ ወይም ጎራሹ አፉን ቀድሞ ቢገጥም፣ የሚሆነው ገበታ ላይም በርሜል ላይም አንድ ነው።

የድሮው የአሜሪካ ጦር ኮልት 1911 በርሜሉ 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ የዋለችውና የትንንሾቹን ገበያ የቀየረችው ሲግ ፒ365 በርሜሏ 79 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የበርሜሉ ማጠር ብቻውን ቢሆን ቀላል በሆነ። ማቀባበያውም አብሮ ያጥራል፤ ይቀላል፤ የሚመላለስበት መንገድ ይጠባል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ሲፈጥን የሚገታው ሞላ ጠንካራ መሆን አለበት። የካዝናው ሞላ ደግሞ ጥይቱን ለማድረስ የሚሰጠው ጊዜ ያንሳል። ትልቁ ሽጉጥ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ የላላ እጅ፣ ትንሽ የጎበጠ ካዝና ይቅር ይላል። ትንሿ ይቅርታ የምታደርግበት ቦታ የላትም።

ጆን ብራውኒንግ ያን ኮልት ለፈተና ሲያቀርብ፣ በማርች 1911፣ በአንዲት ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ስትግል ውኃ ባልዲ ውስጥ እየነከሯት ይቀጥላሉ። አንድም ጊዜ አልነከሰችም። ተወዳዳሪዋ የሳቬጅ ሽጉጥ በዚያው ፈተና 37 ጊዜ ተሰናከለች፤ ኮልት በዚያው ወር ጦሩን ወረሰች። ይህን ታሪክ የሰማ ገዢ አዲስ ሽጉጥ ሁሉ ከሳጥኗ ስትወጣ 6,000 ትተኩሳለች ብሎ ይጠብቃል። ትንንሾቹን የሚሠሩት ግን ይህን ያህል ደፋር አይደሉም። ካር የተባለው የአሜሪካ አምራች 200 ጥይት ሳይተኮስባት ሽጉጧ አስተማማኝ ናት ተብላ እንዳትቆጠር በመመሪያው ላይ አስፍሯል። አዲስ ብረት ከብረት ጋር እስኪላመድ፣ አዲስ ሞላም ልኩን እስኪይዝ ማለት ነው። ሲካምፕ የምትባለው የኪስ ሽጉጥ ደግሞ መጀመሪያ ስትሠራ ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ተብላ ነው። ሌላ ከሰጧት ጥፋቱ የሰጪው ነው፤ ማነጣጠሪያ እንኳ የላትም። የዐማራቱ ነጋዴ 200 ጥይት ይቅርና አንድ ፓኮ አልጨረሰም።

ጥፋቱን መሣሪያው ላይ መጫን ሱዳን ውስጥ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1885፣ ካርቱም ውስጥ የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን የሚጓዝ የእንግሊዝ ጦር ከካርቱም በስተሰሜን በረሃ ውስጥ፣ አቡ ክሌያ ከምትባል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ከመሐዲ ተከታዮች ጋር ገጠመ። ሱዳኖቹ ቦታውን አቡ ጡለይሕ ይሉታል። ሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን 40 ያህል መርከበኞችና አንድ ጋርድነር መትረየስ ይዞ ነበር፤ አምስት በርሜል ያለው፣ በእጅ የሚዞር፣ ለጊዜው አዲስ የተባለ መሣሪያ። መርከብ ላይ ሸጋ ነው። ቤረስፎርድ በአራት ማዕዘን ከተሰለፈው ጦር ፈንጠር አድርጎ አቆመውና ማዞር ጀመረ። 70 ያህል ጥይት ተኮሰና ቀጥ አለ።

ምክንያቱን ቤረስፎርድ ራሱ ጽፎታል። ጥፍሯ የቀልሃውን ቂጥ ገንጥላ ወጣች፤ የቀረው የቀልሃ አካል በርሜሉ ውስጥ ተቀረቀረ። የሚመጣው ጥይት መግቢያ አጣ። ቤረስፎርድና አንድ ባልደረባው ክዳኑን ፈትተው ሊያወጡት ሲታገሉ ጦረኞቹ ደረሱባቸው። ባልደረባው እዚያው ወደቀ፤ ቤረስፎርድ መትረየሱ ሥር ተገፍትሮ ገብቶ ተረፈ። ከመርከበኞቹ 8ቱ ሞቱ። እግረኛው ይዞት የነበረው ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃም በዚያው ቀን ብዙ ሰው እጅ ላይ ነክሷል፤ ቀልሃው ከስስ ናስ ተጠቅልሎ የተሠራ ስለነበር በሙቀትና በአሸዋ ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። ጠመንጃዎቹ ዓለም የሚያውቃቸው ጎበዞች ነበሩ። ጥፋተኛው ቀልሃው ነበር።

ሄንሪ ኒውቦልት የተባለው ገጣሚ በኋላ በዝነኛ ግጥሙ ውስጥ የነከሰው ጋትሊንግ እንደሆነ አድርጎ ጻፈው። ጋትሊንግ እዚያ አልዋለም። እስከ ዛሬ ግን በእንግሊዝ አገር ስለዚያ ውጊያ የሰማ ሰው የሚያማው ጋትሊንግን ነው፤ ስሙን አጥፍተው ያልካሱት መትረየስ ቢኖር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጦሩ እየተጎተተ ቀጠለ፤ ካርቱም ጃንዋሪ 26 ወደቀች፤ ለእርዳታ የተላኩት መርከቦች የደረሱት 28 ነው።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዐማራት ወንዝ ማዶ ባለችው ኦምዱርማን፣ የያኔው ወጣት መኮንን ዊንስተን ቸርችል አዲስ ሽጉጥ ታጥቆ ታየ። ትከሻው ቀደም ሲል ሕንድ ላይ ወልቆ ስለነበር ሰይፍ ማንሣት አላመነም፤ ለንደን ውስጥ የገዛት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሥሪት የሆነች ማውዘር ይዞ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ከፈረሰኞቹ ጋር ጋለበ። አሥር ጥይት የምትጎርሰው ማውዘር አላሳፈረችውም። ርዝመቷ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪስ ውስጥ ልክተታት የሚል አልነበረም። በዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባቡሩ ተጠቅቶ የቦር ፈረሰኛ ሲያነጣጥርበት፣ ቸርችል ማውዘሩን ሊመዝ እጁን ሰደደ፤ ለሥራ እንዲመቸው አውልቆ ባቡሩ ላይ ትቷታል። እጁን ሰጠ። ይህ ዓይነቱ ብልሽት በየትኛውም የጥገና መመሪያ ውስጥ የለም።

የማይተኩስ ሽጉጥ ሁሉ ነክሷል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ቦነስ አይረስ ውስጥ አንድ ሰው በምክትል ፕሬዚዳንቷ ክሪስቲና ኪርሽነር ፊት ላይ ቤርሳ ሽጉጥ ደግኖ ምላጩን ሳበ፤ አልተኮሰም። ካዝናው ውስጥ አምስት ጥይት ነበር፤ በርሜሉ ግን አልጎረሰም። እሷ አጎንብሳ የወደቀ መጽሐፍ አነሳች፤ ምን እንደተደገነባት ያወቀችው ኋላ ነው።

ወደ ነጋዴው ሽጉጥ እንመለስ። ጋሼ ለሾፌሩ በቃል ያስጠኑት ሥርዓት ቅደም ተከተል አለው፤ ሾፌሩም በበኩሉ ለአሠሪው በዐረብኛ እያሳጠረ አደረሰው።

መጀመሪያ ጣት ከምላጩ ይውጣ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ከዚያ ካዝናው ይውጣ፤ ማቀባበያው ተስቦ ጉሮሮው በዓይን ይታይ፤ ካዝና ወጣ ማለት ጥይት ወጣ ማለት አይደለም። ምላጭ ተስቦ ድምፅ ካልወጣ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አፈሙዙን ሳያነሱ መጠበቅ ነው፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። «ምን ነካት ብሎ አፏን የሚያይ ሰው» አሉ ጋሼ፣ «ሁለተኛ አያይም።»

ቀጥሎ ጽዳት። አዲስ ሽጉጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ዝገት እንዳይነካት በወፍራም ቅባት ተለቅልቃ ነው፤ ያ ቅባት ለመጋዘን እንጂ ለተኩስ አይደለም። ብዙ ሰው ሳይጠርገው በላዩ ላይ ዘይት ይጨምርበታል። የካርቱምን ሀቡብ ያየ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። ያ ቀይ ግድግዳ ከበረሃው ተነሥቶ ከተማውን ሲውጥ በተዘጋ መስኮት፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ በተሸፈነ ድስት ውስጥ ይገባል። ዘይት የጠገበ ብረት ላይ ሲያርፍ ሊጥ ይሆናል። እዚህ ላይ የዘይቱ ሰውዬ ተቆጣ፤ ጋሼ ግን አልራሩለትም። ለአቧራ አገር ጥቂት ጠብታ ተቀብቶ የሚጠረግ ዘይት ይበቃል አሉ።

ከዚያ ጥይት። ጋሼ በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተናገሩ፤ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ቁስሉ እዚያ ነው። የንጉሡ ጦር በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነ ነበር፤ ከ1970 ወዲህ የሶቪየቱ ጎረፈ፤ ግምጃ ቤቱ የሁለት ዘመን ጥይት ይዞ ቀረ። የማካሮቭ ጥይት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይባላል፤ የፓራቤለሙም ዘጠኝ ይባላል። የማካሮቩ ቀልሃ 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ አረሩ 9.27 ገደማ ይወፍራል። የሌላው ቀልሃ 19 ነው፤ አረሩ ከ9 ብዙ አያልፍም። በዓይን ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው። «ዘጠኝ ስጠኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው የትኛውን ይዞ እንደሚመለስ የሚያውቀው ሽጉጧ ስትነክስ ነው፤ የባሰ ከሆነ ደግሞ ስትፈነዳበት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም የአረሩ ቅርፅ ይለያያል። አፍንጫው ድብልብል የሆነው ዳገቷን ተንሸራቶ ይወጣል፤ አፍንጫው ጠፍጣፋና ጎድጓዳ የሆነው በትንንሾቹ ላይ ጫፉ ዳገቷ ላይ ይደገፍና ይቆማል።

እጅም አለ። ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲወረወር የሽጉጧ አካል ባለበት መቆም አለበት። አንጓው የላላ ሰው ሽጉጧን አብሮ ወደ ኋላ ይልካታል፤ ማቀባበያው መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀልሃው በሩ ላይ ይያዛል። ትንሿ ሽጉጥ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ትቀራለች፤ ስለዚህ ይህ ችግር በእሷ ይብሳል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዳመነው፣ የሚተኩሰው በአንድ እጁ ነው፤ ሌላው እጁ ወገቡ ላይ ነው። ከግብፅ ፊልም የተማረው ሳይሆን አይቀርም።

መጨረሻ ላይ ካዝና። የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን እሱ ነበር። የአውቶማቲክ ሽጉጥ ደካማ አካል ካዝናው ነው። ከስስ ቆርቆሮ የታጠፈ ሣጥን ነው፤ ሁለቱ ከንፈሮቹ በፀጉር ስፋት ቢከፈቱ ጥይቱ ቀድሞ ይዘላል፤ ቢጠቡ ይዘገያል። ሁለት ካዝና ያለው ሰው ምልክት ካላደረገባቸው የቱ እንደታመመ አያውቅም፤ ሽጉጧ አንድ ዓርብ ጤነኛ፣ በሚቀጥለው ዓርብ በሽተኛ ትሆንበታለች። ዓይን ነው የሚባለውም ያኔ ነው። ቡና አፍዪዋ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ለሾፌሩ ሰጠችው። «ለአንዱ ብቻ ነጥብ ስጠው» አሉት ጋሼ፣ «በአንድ ዓርብ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁሉን ባንዴ ከቀየራችሁ ብትድንም ምን እንዳዳናት አታውቁም።»

ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ጠየቁ፤ ሽጉጧ ላይ የፋብሪካ ስምና ተከታታይ ቁጥር አለ ወይ? አለ። እፎይ አሉ። በሱዳንም በኢትዮጵያም፣ በተለይ በመተማ መንገድ፣ የቱርክ ሽጉጥ ተያዘ የሚል ዜና የተለመደ ነው። ቱርክ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሏት፤ የእነሱ ሌላ ነው። በኮንትሮባንድ ከሚዞረው ውስጥ ግን ለድምፅ ብቻ ተብሎ የተሠራና በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተነካካ አለ። ይህ በምሥራቅ አፍሪካ መሰራጨቱን የጄኔቫው የትንንሽ መሣሪያዎች ጥናት ተቋም መዝግቦታል። የእንዲህ ያለው ብረት ርካሽ ነው፤ ጥይት የሚሸከም አይደለም። ሲነክስ ዕድል ነው፤ መጠገን አያስፈልገውም፤ መነካትም የለበትም። ለዚህና ለመሰሉ ነገር ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥታለች፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ሞላና ስለ ዳገት ከማጥናቱ በፊት እሱን ቢያነብ ይሻለዋል።

ዓርብ አልፎ ሾፌሩ ተመለሰ። ሽጉጧ ተጠርጋለች፤ ነጋዴው እየከፋውም ቢሆን በሁለት እጁ ይዟታል። ነጥብ በሌለው ካዝና ሙሉውን ያለ እንከን ተኮሰች። ባለ ነጥቡ ሲገባ ሦስተኛው ላይ ቀጥ። ካዝናውን ገልብጠው ሲያዩት አንደኛው ከንፈሩ ጎብጧል። ነጋዴው እንግዳ ሲመጣ ካዝናውን በአውራ ጣቱ ለቅቆ እብነ በረድ ወለል ላይ ይጥለዋል፤ ሌላውን በመዳፉ መትቶ ያስገባል፤ ፊልም ላይ እንደዚያ ነው። ቤቱ ደግሞ ከደጅ እስከ ሳሎን እብነ በረድ ነው።

ጋሼ ካዝና ከንፈሩ ከጎበጠ በፒንሳ አይቀናም፤ አዲስ ይግዛ ብለው ላኩበት። ነጋዴው ዋጋ ጠየቀ፤ ዋጋውን ሰማ። ደህናውን ሽጉጧ ውስጥ ተወው፤ ባለ ቀይ ነጥቡን ደግሞ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሁን ብሎ መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀመጠው።